ሁለት ሺህ ዋት ውርደት

ሠርግ ቤት ገብታችሁ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ሰው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። አልቀየማችሁም፣ ለምጄዋለሁ። ዘፋኙን ታቅፉታላችሁ፣ ትሸልሙታላችሁ። ኪቦርድ የሚነካውን ልጅ ቢያንስ ሴቶቹ ያዩታል። ከሁለቱ ኋላ ግን ፊቱን እንደ ባንክ ዘበኛ ቋጥሮ አራት ወፋፍራም ክሮች የሚጎነትል አንድ ሰውዬ አለ። ምግብ ሲዞር የሚታለፈው እሱ ነው። ፎቶ ሲነሣ ክንዱ ብቻ የሚገባው እሱ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ዘፈኑ መሐል አንድ እንግዳ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ወንድም፣ ያንን ነገር አስቀምጥና ሁለት ወንበር አምጣልን» ብሎኛል። ወንበሩን አመጣሁለት። ምን ላድርግ?

የቀን ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ሾዋክ በሚወስደው መንገድ ዳር የጭነት መኪና ጎማ እለጥፋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እጄን በነጭ ጋዝ ታጥቤ ሙዚቀኛ እሆናለሁ። ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። ጌታሁን ዘፋኙ ነው፣ የአርማጭሆ ልጅ፣ አለቃችንም እሱ ነው፤ አለቃ ያደረገው ማይክሮፎኑ የሱ መሆኑ ነው። ሳሚ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በዓረብኛ ይጨርሰዋል። ከበሮው ከኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ይወጣል። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

አራት ዓመት ሙሉ የራሴ አምፕሊፋየር አልነበረኝም። የጊታሬን ገመድ የምሰካው ሳሚ ኪቦርዱን በሚሰካባት አንዲት ስፒከር ላይ ነበር። ስፒከሯ ደግሞ መጀመሪያ የጌታሁንን ድምፅ፣ ቀጥሎ የሳሚን ኪቦርድ ታስተናግድና ጉልበት ከተረፋት ለኔ ታካፍለኛለች። ተርፏት አያውቅም። እኔ ግን በልቤ፣ «ቤዝ የሚሰማ ነገር አይደለም፤ በሆድ የሚታወቅ ነው» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

መጽናናቴን ያፈረሰው እዚሁ ገዳሪፍ የተጫወትንበት አንድ የቀን ሠርግ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረን እስከ አሥር ሰዓት ተጫወትን። ያን ቀን እጄ እንዴት እንደታዘዘልኝ አልነግራችሁም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣ ከአንገቴ በላይ ላብ በላብ ሆኜ ነው የተጫወትኩት። ስንጨርስ ጌታሁን መጥቶ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝና፣

«ዛሬስ ጥሩ ተጫወትክ! ለመጀመሪያ ጊዜ አልረበሽከኝም» አለኝ።

ደስ አለኝ። ይኼኔ ዕቃ ሲሰበስብ የነበረው ሳሚ የገመድ ጫፍ ከመሬት አነሣ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የማን ነው? ከጠዋት ጀምሮ መሬት ላይ ነው'ኮ፣ ዋላሂ!»

የኔ ነበር። አንዱ ጫፍ ጊታሬ ላይ፣ ሌላው አሸዋ ላይ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ሱዳን ምድር ላይ ተሰክቼ ነው የተጫወትኩት። ማንም አላወቀም። ሙሽራው አላወቀም፣ ጌታሁን አላወቀም። ከሁሉ የከፋው፣ እኔም አላወቅሁም።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ሊያዝን ይችላል፣ ሊስቅ ይችላል። ጌታሁን አሰበ። ጌታሁን ሲያስብ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ይጎዳል።

«እንግዲህ ቤዙ» አለኝ፤ ስሜን ትቶ በመሣሪያዬ ነው የሚጠራኝ። «ለምን እንደክማለን? ሳሚ ግራ እጁ ሥራ ፈት ነው። ቤዙን በግራ እጁ ይጫወተው።»

«ታማም፣ እችላለሁ» አለ ሳሚ ግራ እጁን እያየ፤ እጁን ገና ያን ቀን ያገኘው ይመስላል።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንተማ ጎማ አለህ።»

ይቺ ቃል ከሆዴ ገባች። ለመንኩት፣ ተከራከርኩት፣ ቤዝ የዘፈን መሠረት እንደሆነ አስረዳሁት። በመጨረሻ፣ «በመጪው ቅዳሜ ሾዋክ ሠርግ አለን። እዚያ ቤዝ ከተሰማ ትቀጥላለህ። ካልተሰማ ግን በሰላም እንለያያለን» ብሎ ቆረጠልኝ። እኔም በዚያው ሳምንት የራሴን አምፕ ልገዛ ወሰንኩ።

«አምፕ ልገዛ ነው» ብዬ ባወራሁ በነጋታው ገዳሪፍ ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ያልሆነ ሰው እንደሌለ ተረዳሁ። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ የማሽላ ጫኝ ሾፌር፣ «በክብደት ነው የሚመረጠው፤ አንስተህ ወገብህን ካላመመህ አትግዛው» አለኝ። ሻይ የምትሸጥልን ጎረቤቴ፣ «መብራት ያለውን ግዛ፤ መብራት የሌለው ነገር ይረሳል፣ እንዳንተ» አለችኝ። ሌላው ዋቱን እይ አለኝ። ዋት! አራት ዓመት ሙሉ «ስንት ዋት ነው?» ብዬ ጠይቄ፣ መልሱን ስሰማ «እህ» ብዬ ራሴን የነቀነቅሁ ሰው ነኝ። ዋት ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚበዛው እንደሚሻል ብቻ አውቃለሁ። ይህች ግማሽ ዕውቀት ናት ያጠፋችኝ።

ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ኑሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገበያው መሐል ከቬንትሌተር እስከ መስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ከውሃ ፓምፕ እስከ ሶላር ያገለገለ ዕቃ ይሸጣሉ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የምፈልገውን ነገርኳቸው። ከአንድ ማቀዝቀዣ ኋላ ገብተው አንድ ጥቁር ሳጥን በእግራቸው እየገፉ አወጡ። የተፋቀ፣ አንድ ማዕዘኑ በፕላስተር የታሸገ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ የማይደርስ ነገር ነው። አንድ ሰፊ ስፒከር ብቻ ነው ያለው።

«ልጄ፣ ይቺን ውሰድ» አሉኝ። «የቤዝ ናት። የተሠራችው ለሱ ብቻ ነው። ዋቷ ብዙ አይደለም፣ ግን ያላት የእውነት ነው።»

እኔ ግን ዓይኔ ከሐጂ ትከሻ በላይ አልፎ ሌላ ቦታ አርፏል። ግድግዳውን ተደግፎ ቁመቱ ደረቴ ጋ የሚደርስ ባለ ሁለት ፎቅ ነገር ቆሟል። ሁለት ስፒከር አለው፣ ዙሪያቸውን ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መብራት ይዞራቸዋል። ደረቱ ላይ በወርቃማ ቀለም «2000 ዋት» የሚል ተለጥፏል።

«ያኛውስ?» አልኩ።

«እሱ ዘፈን ማጫወቻ ነው። ስልክህን አገናኝተህ የምትጨፍርበት። ለቤዝ አይሆንም። የስፒከሩ ወረቀት ስስ ነው፣ ትቀደዋለህ።»

«ሐጂ፣ እኔ'ኮ ሙዚቀኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርህ።»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። በገዳሪፍ ገበያ ዘመኔን ስገበያይ አንድ ነጋዴ ሸቀጡን ራሱ ሲያጣጥል አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ወዲያው ነቃሁ! ሐጂ ያቺን የተፋቀች ሳጥን ለዓመታት የሚወስድላቸው አጥተው እኔ ላይ ሊያራግፏት ነው፤ ትልቁን ደግሞ የተሻለ ለሚከፍል ሰው አስቀምጠውታል። ሰውዬው እውነቱን ነው የነገሩኝ። ግን እውነትን እንዲህ በቀላሉ ስለሰጡኝ ማጭበርበር መሰለኝ።

«ጊታር መሰኪያ አለው ወይ?» አልኩ እንደ ዐዋቂ። ጎንበስ ብዬ ከኋላው አየሁ። መሰኪያ አለው። አጠገቡ ደግሞ የጊታር ሥዕል!

«ይኸው! የጊታር ሥዕል አለበት!»

«ልጄ፣ የማቀዝቀዣው ካርቶን ላይም የዶሮ ሥዕል አለበት። ዶሮዋ ውስጡ የለችም።»

«ሁለት ሺህ ዋትስ?»

ሐጂ ኑሩ መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ ጥቅል ወርቃማ ተለጣፊ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አምስት መቶ፣ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ አምስት ሺህ።

«የስንት ዋት ይሁንልህ?» አሉኝ።

ይህን በዓይኔ አይቼ፣ ተለጣፊውን በጣቴ ነክቼ፣ ትልቁን ገዛሁ። አምስት ሺህ የሚለውን እንዲለጥፉልኝ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያኮራኛል።

ቤት ወስጄ ስሞክረው ከህረባ፣ ማለት መብራት፣ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ መብራት እንደ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ሁሉን ትተህ ታስተናግደዋለህ። ድምፁን ከሩብ በታች አድርጌ ወፍራሙን ክር ነካሁት። እናንተ! የቆርቆሮ አጥራችን ተንቀጠቀጠ። አራት ዓመት ሙሉ ምን ስጫወት እንደኖርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ደግሞም ብዙውን ስሳሳት እንደኖርኩ አወቅሁ። ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ ብቅ አሉ፤ ሱዳናዊት አሮጊት ናቸው።

«ልጄ፣ ዚሩ እያዜመ ነው» አሉኝ በመገረም። ዚር የሚሉት ውሃ የሚያቀዘቅዙበትን ትልቁን እንስራ ነው። ሄጄ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እውነትም ያዜማል። ደስታዬን አልቻልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሾዋክ ተነሣን። በተከራየናት ቦክሲ፣ ማለት ከኋላ ክፍት በሆነች ትንሽ የጭነት መኪና፣ እኔና አምፔ ጋቢና ተቀመጥን። ጌታሁንና ሳሚ ከኋላ ከሰሊጥ ጆንያ ላይ ናቸው። «ዘፋኝ አቧራ አይጎርስም!» ብሎ ጌታሁን ጮኸ፤ እኔ ግን አምፑ ንዝረት አይወድም ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። ጋቢናውን ከፍቶ ሁለት ፎቁን ነገር ሲያይ መሣሪያውን አስተካከለ።

«ደ ሸኑ? ይሄ ምንድን ነው?»

«አምፕሊፋየር ነው፣ ለቤዝ» አልኩት።

«ቤዝ ምንድን ነው?»

በሰላም ጊዜ እንኳ ይህን ጥያቄ መልሼው አላውቅም። ጊታሩን አወጣሁና እዚያው መንገድ ላይ፣ ያለ መብራት፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም አደረግሁለት። ወታደሩ ጆሮውን አስጠግቶ በትዕግሥት ሰማ።

«ዘፈኑስ?»

«ዘፈኑ እኔ ጋ የለም። እኔ ከሥሩ ያለውን ነው የምጫወተው።»

«ይህን ሁሉ ዕቃ ተሸክመህ ዘፈን የለህም?» አለ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነው። ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ዘፈኑ ማን ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጌታሁን ከጆንያው ላይ እጁን አወጣ። አንድ ዘፈን ከአቧራ ጋር ዘፈነለትና አለፍን። ከዚያ እስከ ሾዋክ ጌታሁን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው፦ «አየህ? ወታደር እንኳ ገባው።»

ሠርጉ የእትዬ ዘርፌ ሴት ልጅ ሠርግ ነው። እትዬ ዘርፌ ሾዋክ ከተማ ምግብ ቤት አላቸው፣ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ገና ከመኪና ስንወርድ መጥተው ሦስታችንንም በየተራ ክንዳችንን ያዙን።

«ልጆቼ፣ አደራችሁን! የወንዱ ወገን ቁጡዎች ናቸው። በተለይ አጎቱ አያ ተገኘ። ከዶካ ነው የመጡት። ልጅቷ ሱዳን ያደገች ናት፣ ሥርዓት አታውቅም ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ አንገራግረው በስንት ሽማግሌ ነው እሺ ያሉት። አንዲት ነገር ብትጎድል ጥለው ይሄዳሉ። እግራቸው ጫማቸው ውስጥ ነው ያለው፣ አላወለቁም።»

«እትዬ፣ አያስቡ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «እኛ ጋ የሚጎድል ድምፅ የለም።»

ዳሱ ትልቅ ነው፤ መብራቱም ቬንትሌተሩም የሚሠራው ከወፍጮ ቤት በተዋሷት ጀነሬተር ነው። አምፔን የት እንደማቆም ብዙ አሰብኩ። ከባንዱ ጋር ባቆመው ጌታሁን ድምፁን ይቀንሰዋል። ደግሞስ ቤዝ መስማት የሚገባቸው የተከበሩት እንግዶች አይደሉ? ረጅም ገመድ ዘረጋሁና ሁለት ፎቁን ነገር ከክብር ወንበሮቹ ኋላ፣ በትክክል ከአያ ተገኘ ጀርባ አቆምኩት። አያ ተገኘ መለሎ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራቸውን እንደ ዳኛ መዶሻ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። በዶካ ሰው ሲጣላ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው አሉ።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ቤዝ ተሰማ። ምን ተሰማ ብቻ! ሰው ከጭፈራው ቆሞ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት በጣቷ አመለከተችኝ። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጌታሁን ወደ ኋላው ተመለከተ። እኔም እንደ ሰከረ ሰው ድምፁን ጨመርኩ። አንድ ኖታ በመታሁ ቁጥር ጀነሬተሯ ታቃስታለች፣ አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ቬንትሌተሮቹ ቆም ብለው ያስባሉ። ሳሚ፣ «ኪቦርዱ እየጠፋ ነው! ቀንስ፣ ያ አኺ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ከተማ የማጨልም ኃይል አገኘሁ ብዬ ጨመርኩ።

ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ከሳጥኑ ውስጥ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ገባኝ። የሐጂ ኑሩ ስስ ወረቀት ሄዷል። ከዚያ በኋላ ክሩን ቀስ ብዬ ስነካው ደህና ድምፅ ያወጣል። ጠንከር ካደረግሁት ግን ሌላ ነገር ይላል። ምን ይላል? ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ማንም «የኔ ነው» የማይለውን ያንን ድምፅ ይላል። በጭፈራውና በእልልታው መሐል ግን ማን ይለያል? በጣቴ ጫፍ እየነካካሁ ማንም ሳያውቅብኝ እስከ ምርቃቱ ደረስኩ።

ለምርቃት ሙዚቃው ቆመ። ዳሱ ጸጥ አለ። ሙሽሮቹ መጥተው አያ ተገኘ ፊት ተንበረከኩ። እትዬ ዘርፌ ከሙሽሪት ኋላ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከወንበራቸው ብድግ ማለት ጀመሩ። ግማሽ ሲደርሱ እኔ ጊታሬን ጉልበቴ ላይ ላስተኛ ብዬ ዞር አልኩ። ክርኔ ወፍራሙን ክር በኃይል መታው።

ድምፁ ረጅም ነበር። ጀምሮ፣ ከፍ ብሎ፣ ተንቀጥቅጦ፣ በመጨረሻ ላይ እንደገና ጀመረ። የወጣው ደግሞ ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከአያ ተገኘ ጀርባ።

ሽማግሌው ግማሽ ተነሥተው፣ ግማሽ ጎንብሰው እንደዚያው ቀሩ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ምነው በሳቁ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ከአያ ተገኘ ቀጥሎ የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ በጣም በትሕትና፣ በጣም በቀስታ፣ ወንበራቸውን አንድ ክንድ ያህል ወደዚያ ፈቀቅ አደረጉ። ይቺ ወንበር ናት ነገሩን ያከረረችው።

አያ ተገኘ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በስተርጅናዬ!» አሉ። «በሰው ፊት! ያኔም ብዬ ነበር። እዚህ ቤት ሥርዓት የለም ብዬ ነበር። ተነሡ!»

የወንዱ ወገን በሙሉ ተነሣ። ሙሽራው ተንበርክኮ አጎቱንና ሚስቱን በየተራ ያያል። እትዬ ዘርፌ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሙሽሪት ግን ዞራ እኔን አየችኝ። በዚያ ቀን እኔን ያላየኝ ሰው የለም፤ እንደሷ ያየኝ ግን አልነበረም። ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ነገር በክርኔ እንዳፈረስኩት ዐውቃለች። መሸሽ አማረኝ፤ ገመዱ ግን ጊታሩንም እኔንም ከሳጥኑ ጋር አስሮናል።

ከጌታሁን እጅ ማይክሮፎኑን ነጠቅሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ!» አልኩ። «ያ ድምፅ የአያ ተገኘ አይደለም! የኔ ነው!»

አሁን ዳሱ ፈነዳ። እስከዚያ ድረስ የተያዘው ሳቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። «ማለቴ ከዚህ ከሳጥኑ ነው! ከአምፑ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል?

አያ ተገኘ ግን ሰሙ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱና ሰዉን ዝም አሰኙት።

«ሳጥን እንዲህ ይላል?»

«ይላል አባቴ።»

«እስቲ አስብለው።»

ክሩን ነካሁት። ፈርቼ ስለነካሁት ለስላሳ፣ ጥርት ያለ፣ በሕይወቴ ያወጣሁት ምርጥ የቤዝ ድምፅ ወጣ።

«ውሸታም!» አሉ አያ ተገኘ።

«ቆዩኝ አባቴ! አንዴ ብቻ!» አልኩና በሙሉ ክንዴ መታሁት። ሳጥኑ ያንን ድምፅ አወጣ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የረዘመ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ያማረ።

አያ ተገኘ ዞሩ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አስጠጉ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። መዳፋቸውን ከፊቱ ዘረጉ። «ድገመው። ንፋስም አለው!» አሉ በመገረም። ሰውዬው መዳኘት ልማዳቸው ነው፤ እዚያው ችሎት ተቀመጡ። ሳሚን ጠርተው እንዲመሰክር አዘዙት። ሳሚ እጁን አንሥቶ፣ «ዋላሂል ዐዚም፣ ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ እንዲህ ነው የሚለው» አለ። ጌታሁንንም ጠየቁት። ጌታሁን እኔን በነገር ለመውጋት የተሰጠውን ዕድል መቼም አያሳልፍም፤ «ቤዙ ምነው እንዳለፉት አራት ዓመታት ዝም ባለ!» ብሎ መሰከረ።

በመጨረሻ አያ ተገኘ ከዘራቸውን አነሡ።

«ጥፋተኛው ሳጥኑ ነው» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወንበራቸውን ወዳሸሹት ሽማግሌ ዞረው፣ «አንተም ወንበርህን መልስ!» አሉ። ወንበሩ ተመለሰ። ሲመለስ ሲንቀጫቀጭ ያወጣውን ድምፅ ሰምተው፣ «ይሄኛውስ የማን ነው?» አሉና መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ሆኑ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። የወንዱ ወገንም ተቀመጠ።

ሙሽሮቹን ልጅ ይስጣችሁ፣ ሀብት ይስጣችሁ ብለው መረቁና መጨረሻ ላይ፣ «ያላደረጋችሁትን ስትባሉ ደግሞ እንደ ዛሬው ተነሥቶ ‹የኔ ነው› የሚል ሰው አያሳጣችሁ» ብለው ጨመሩ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ ያን ቀን ማልቀሴን ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ ዘርፌ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «ነፍሴን አውጥተህ መልሰህ አስገባሃት፣ አንተ የተረገምክ» ብለው አንድ ትሪ ሙሉ ሥጋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ምግብ መጀመሪያ የደረሰኝ ሠርግ ያ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሁለት ፎቁን ይዤ ሐጂ ኑሩ ጋ ተመለስኩ። «ነግሬህ ነበር» ቢሉኝ እችለው ነበር። እሳቸው ግን የጎረቤት ባለሱቆችን ሁሉ ጠርተው፣ ወንበር አስቀምጠው፣ «በል ከመጀመሪያው ጀምረህ አውራ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አወራሁ። በሦስተኛው የተፋቀችውን ትንሿን ሳጥን ሰጡኝ። የተቀደደውን መልሰው አልወሰዱም፤ «እሱስ ታሪክ አለው፣ አንተው ያዘው» አሉ።

በቀጣዩ ሳምንት በትንሿ ሳጥን ገዳሪፍ ተጫወትን። ክብ፣ ንጹሕ፣ ደረት ላይ ቀስ ብሎ የሚያርፍ ድምፅ ነው ያላት። መብራት አላደበዘዘችም፣ አልጮኸችም። ጌታሁን እንኳ ዘፈኑ መሐል ዞሮ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ሳሚ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ። አሁን ሙዚቀኛ ሆንኩ አልኩ። ስንጨርስ ባለሠርጉ መጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ያኛው የት አለ?» አሉኝ። «የሾዋኩ? እኛ'ኮ እሱን ብለን ነው የጠራናችሁ።»

የሾዋኩን ነገር አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። ከገላባት እስከ ከሰላ ያለ አበሻ ሁሉ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ማንም ግን ጌታሁንን አይጠይቅም፣ ሳሚንም አይጠይቅም። «ቤዙ ይመጣል?» ነው የሚሉት። እሺ፣ የፈለግሁት መሰማት አልነበር? ጥበቡን በትንሿ ሳጥን እጫወታለሁ፣ እንጀራዬን በተቀደደው እበላለሁ። ሥነ ጥበብ በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው የሚከበረው።

ባለፈው ሰኞ ከኸሽም ኤል ቂርባ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ወንድሟን ልትድር ነው። ስለ ዘፈን ምንም አልጠየቀችኝም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አንድ የማንወዳቸው አጎት አሉን» አለችኝ። «ለምርቃት ሲነሡ ብቻ፣ አንዴ ብቻ። ደግሞ አደራ፣ ‹የኔ ነው› እንዳትል።»

ተቆጣሁ። እኔ ሙዚቀኛ ነኝ፣ የሰው ሽማግሌ አላዋርድም፣ ደግሞም አንዴ የደረሰብኝ ይበቃኛል ብዬ ጮህኩባት። ሴትየዋ ይቅርታ ጠየቀች። ስልኩን ልትዘጋው ስትል ግን፣

«ቆይ» አልኳት። «አጎትዬው የሚቀመጡት በየት በኩል ነው?»